ከመዘምራኑ በፊት

ሀ፦ ጋሼ፣ ዛሬ አንድ ሥራ ብቻ ነው የማሰማዎት። የቤትሆቨን የመዘምራን ፋንታዚያ፣ ኦፐስ 80፤ ለፒያኖ፣ ለመዘምራንና ለኦርኬስትራ የተጻፈው። መጀመሪያ ሩዶልፍ ሰርኪን በ1962 ከበርንስታይንና ከኒው ዮርክ ፊልሃርሞኒክ ጋር የቀዳውን፣ ቀጥሎ ብሬንዴል ከሃይቲንክ ጋር የተጫወተውን፣ ቀጥሎ ፖሊኒን፣ ከዚያ ኪሲንን...

ለ፦ አንድ ሥራ ብቻ አላልሽም? ይህ እኮ አራት ሆነ።

ሀ፦ ሥራው አንድ ነው። የሚለያዩት ተጫዋቾቹ ናቸው።

ለ፦ እኔና አንቺ የማንግባባው እዚህ ላይ ነው። አንድን ሥራ በአራት ሰው እጅ እየደጋገሙ መስማት ሥራውን ሳይሆን ሰዎቹን ነው የሚያሳውቀው። በተማሪዎቼ አይቼዋለሁ። ሶናታው ስንት ክፍል እንዳለው የማይነግሩኝ ልጆች፣ ማን አፍጥኖ ማን አዘግይቶ እንደሚጫወተው ግን አሳምረው ይተነትኑልኛል።

ሀ፦ እሱ የልጆቹ ስንፍና እንጂ የማወዳደር ጥፋት አይደለም። እኔ ይህን ሥራ ያወቅኩት በማወዳደር ነው። በአንዱ ቅጂ ሳልሰማው ያለፈኝ ነገር በሌላው ጎልቶ ሲወጣ፣ ይህ በእርግጥ ተጽፏል ወይ ብዬ ኖታውን እገልጣለሁ። አንድ ቅጂ ብቻ ቢኖረኝ ኖሮ ሰርኪንን ቤትሆቨን ነው ብዬ እቀር ነበር።

ለ፦ ይሁን። ግን ሰዎችን ለማወዳደር ይህን ሥራ መምረጥሽ ይገርመኛል። ታሪኩን ታውቂው የለ? በዲሴምበር 22 ቀን 1808፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምነግርሽ፣ ቤትሆቨን ቪየና ውስጥ ቴአተር አን ደር ቪን ለራሱ ገቢ የሚሆን ኮንሰርት አዘጋጀ። አምስተኛው ሲምፎኒ፣ ስድስተኛው ሲምፎኒ፣ አራተኛው የፒያኖ ኮንቸርቶ፣ ከቅዳሴው የተወሰዱ ክፍሎች፣ ሌላም ሌላም፤ አራት ሰዓት ፈጀ። አዳራሹ አይሞቅም፣ ጊዜው የክረምት ሌሊት ነው። ለዚህ ሁሉ መዝጊያ ያስፈልገው ነበር። ፒያኖውም፣ ዘማሪዎቹም፣ ኦርኬስትራውም እዚያው ስላሉ ሁሉንም አንድ ላይ የሚያሰልፍ ነገር በጥድፊያ ጻፈ። ዜማውን ዓመታት ቀድሞ ከሠራው የፍቅር ዘፈን አመጣው። የግጥሙ ባለቤት ማን እንደሆነ ዛሬም ያከራክራል፤ ክሪስቶፍ ኩፍነር ነው የሚሉ አሉ። ልምምዱ በቂ አልነበረም፤ መድረክ ላይ መሃል ላይ ተበላሸና ቤትሆቨን አስቁሞ እንደገና አስጀመረ። እንዲህ ባለ ሥራ ነው የዓለምን ፒያኒስቶች የምትመዝኚው?

ሀ፦ እንዲያውም በዚህ ነው የሚመዘኑት። በሚገባ የተሠራ ሥራ ደካማ ተጫዋችንም ይዞ ይወጣል። አምስተኛውን ኮንቸርቶ መካከለኛ ፒያኒስት ቢጫወተውም ሰው አጨብጭቦ ይሄዳል። ፋንታዚያው ግን እንዲህ አይሸከምም። አጀማመሩን ያስቡት፤ ኦርኬስትራው ተቀምጧል፣ ዘማሪዎቹ ተቀምጠዋል፣ ፒያኒስቱ ብቻውን 26 ሜዠር ይጫወታል። በሲ ማይነር ከባድ ኮርዶች ይነሳል፣ ከዚያ ሩጫው፣ ትሪሉ፣ ዝምታው ይከተላል። የሚይዝለት መሪ የለም፣ የሚሸፍንለት ቫዮሊን የለም።

ለ፦ ያንን መግቢያ ቤትሆቨን በዚያች ሌሊት ከጣቱ ነው ያፈለቀው፤ አልተጻፈም ነበር። ወረቀት ላይ የሰፈረው በሚቀጥለው ዓመት፣ በ1809 ነው።

ሀ፦ እኔም ወደዚያው ልመጣ ነበር። በኖታው ላይ የመግቢያው መጨረሻ አካባቢ፣ እዚህ ላይ ለኦርኬስትራው ወይም ለመሪው ምልክት ይሰጥ የሚል ማሳሰቢያ አለ። መሪው እንኳ ፒያኒስቱ መቼ እንደሚጨርስ አያውቅም ተብሎ ነው የታሰበው። እንዲህ ያለ ነጻነት የተሰጠው ሰው ምን ያደርግበታል? ሰርኪን ኮርዶቹን ሲመታ የሚታገል ይመስላል፤ አንዱን ሳያበቃ ወደሚቀጥለው ይወረወራል። ብሬንዴል በኮርድና በኮርድ መካከል ያስባል፤ ቀጥሎ የሚመጣውን ገና እየፈለገ ነው ብለው ይምላሉ። ፖሊኒ ሁሉንም እኩል አጥርቶ ያስቀምጠዋል፣ የተቆረጠ ድንጋይ ይመስል። እኔ የፖሊኒን እዚህ ቦታ ላይ አልወደውም፣ ግን ለምን እንዳልወደድኩት ለማወቅ ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ።

ለ፦ አየሽ? ‹ገና እየፈለገ ነው ብለው ይምላሉ› አልሽኝ። ብሬንዴል እኮ የሚፈልገው ነገር የለም። ኖታው ፊቱ ተዘርግቷል፣ ወይም በቃሉ ይዞታል። ይህን ሥራ ስንት ጊዜ ተጫውቶታል፤ በ1960ዎቹም ቀድቶታል፣ ከሃይቲንክ ጋር በ1970ዎቹም ደግሞታል። የምታደንቂው የተለማመደ መፈለግ ነው። በኛ ሀገር ባለቅኔ ትናንት የተቀኘውን ዛሬ ቢደግመው ማኅሌቱ ምን ይለዋል? በየዕለቱ አዲስ ካልሆነ ቅኔ አይባልም። አንቺ የምታነጻጽሪልኝ አንድ ሰው በ1808 የተቀኘውን ቅኔ፣ ሌሎች ሰዎች አሁን እንደተቀኙት አስመስለው ሲያነበንቡት ነው።

ሀ፦ ይህ ከባድ ነው። ግን ያንኑ ቅኔ ተማሪው በመምህሩ ፊት ሲተነትነው አዲስ ነገር አያገኝበትም? የተጻፈ ነገር ሞተ ማለት አይደለም።

ለ፦ ሞተ አላልኩም። አሁን ተወለደ አትበይኝ ነው ያልኩሽ።

ሀ፦ እሺ፣ እንግዲያው አንድ ሰው ነገሩን በቁሙ ወስዶታል። ሮበርት ሌቪን ከጆን ኤልየት ጋርዲነር ጋር ሲቀዳ በዘመኑ ዓይነት ፒያኖ ነው የተጫወተው፤ ክፈፉ እንጨት የሆነ፣ መዶሻው ቆዳ የለበሰ፣ ድምፁ ቶሎ የሚጠፋ። የቤትሆቨንን መግቢያ ከተጫወተ በኋላ ደግሞ ራሱ በቦታው የፈጠራቸውን ሁለት ሌሎች መግቢያዎች ጨመረበት፤ አድማጩ የፈቀደውን ይምረጥ ብሎ። ይህስ አዲስ ቅኔ አይደለም?

ለ፦ አንድ ጊዜ አዲስ ነበር። አንቺ ስትሰሚው ስንተኛሽ ነው?

ሀ፦ አልቆጠርኩም።

ለ፦ በሁለተኛው ላይ በቃልሽ ይዘሽው አልነበረም? ሩጫው የት እንደሚወርድ አላወቅሽም? ሌቪን ታማኝ ሰው ነው፣ አልክድም። ከጠቀስሻቸው ሁሉ እሱን ብቻ ነው የማከብረው በዚህ ነገር። ግን ቅጂው ገደለበት። እንዲያውም ከሌሎቹ የከፋ ነገር ሆነ፤ የቤትሆቨንን መግቢያ አስር ሰው አስር ዓይነት ሊጫወተው ይችላል፣ የሌቪንን ግን ማንም አይጫወተውም፣ እንዳለ ይደገማል እንጂ።

ሀ፦ ስለዚህ በወረቀት የተጻፈው ከተቀዳው ይልቅ ሕይወት አለው እያሉኝ ነው?

ለ፦ እንደዚያ እያልኩ ሳይሆን አይቀርም።

ሀ፦ እንግዲያው ወረቀቱን የሚያነቡትን ሰዎች ማወዳደር ከንቱ አይደለም ማለትዎ ነው። ከመነሻዎ ትንሽ ፈቀቅ አሉ።

ለ፦ አትቸኩይ። ወረቀቱን የሚያነበው ፒያኒስቱ ብቻ ቢሆን ነው ይህ የሚያስኬደው። መግቢያው ካለቀ በኋላ ያለውን አስቢ። ቼሎና ባሶቹ ከታች በጣም በቀስታ ይገባሉ፣ እንደሩቅ ሰልፍ። ፒያኖው ይመልስላቸዋል። የሰልፉን ፍጥነት ማን ወሰነው? መሪው። ባረንቦይም በ1967 ከኦቶ ክሌምፐረር ጋር ሲቀዳው ገና በሃያዎቹ ነበር፤ ክሌምፐረር 82። ያ ሽማግሌ ባሶቹን እንዴት አድርጎ ሰፊና ከባድ እንዳደረጋቸው ሰምተሻል። ልጁ ምን ያድርግ? በሽማግሌው እርምጃ ተራመደ። በ1995 ያው ባረንቦይም በርሊን ፊልሃርሞኒክን ከፒያኖው ወንበር ላይ ራሱ እየመራ ቀዳው፤ ሌላ ሰው ነው የሚመስለው። አንድ ፒያኒስት በሁለት ቅጂ ሁለት ሰው ከሆነ፣ አንቺ ‹የባረንቦይም አተረጓጎም› የምትይው የትኛውን ነው?

ሀ፦ ሁለቱንም። ሰው በ28 ዓመት ይለወጣል።

ለ፦ ተለወጠ ወይስ ክሌምፐረር ስላልነበረ ነው? ይህን መለየት ትችያለሽ?

ሀ፦ በባረንቦይም አልችልም። ግን ተቃራኒውን ልስጥዎት። ክላውዲዮ አባዶ ይህን ሥራ በ1986 ከፖሊኒና ከቪየና ፊልሃርሞኒክ ጋር ቀዳው። በ1991 የፈረንጆች ዘመን መለወጫ ዋዜማ ደግሞ በርሊን ላይ ከየቭጌኒ ኪሲን ጋር አቀረበው፤ ኪሲን የ20 ዓመት ልጅ ነበር። መሪው አንድ፣ ልዩነቱ አምስት ዓመት። አሁን ዜማው የሚገባበትን ቦታ ይስሙ። ሆርኖቹ ይጠራሉ፣ ኦቦዎቹ ይመልሳሉ፣ ከዚያ ፒያኖው ያንን ቀላል ዜማ በሲ ሜጀር ብቻውን ይጫወታል። ሕፃን የሚዘፍነው ዓይነት ዜማ ነው፣ ከኖታ ወደ ጎረቤት ኖታ እየተራመደ የሚሄድ። ፖሊኒ ምንም አይጨምርበትም፤ ቀላል ነገር ነው፣ ቀላል ይሁን ብሎ ይተወዋል። ኪሲን ግን እያንዳንዷን ኖታ ያሽሞነሙናታል፤ ድምፁ ወፍራምና የሚያበራ ነው። መሪው አንድ ሆኖ ይህ ልዩነት ከየት መጣ?

ለ፦ ከአዳራሹ። ከፒያኖው። ማይክሮፎኑን ከሚያስቀምጠው ሰው። አንዱ በመድረክ ላይ በሕዝብ ፊት የቀረበ ነው፣ ዋዜማ ነው፣ ሕዝቡ ሊደሰት መጥቷል። የድምፁን ውፍረት የኪሲን ጣት ነው ያመጣው ብለሽ እንዴት እርግጠኛ ትሆኛለሽ?

ሀ፦ የድምፁን ውፍረት ማይክሮፎን ይሰጣል ይበሉ። ማሽሞንሞኑን ግን አይሰጥም። አንዷን ኖታ ከጎረቤቷ ጥቂት ማዘግየት የሰው ሥራ ነው። እሱን አዳራሽ አያደርገውም።

ለ፦ ...ይህቺን ወሰድሽ። ጊዜ የሰው ነው።

ሀ፦ አመሰግናለሁ ጋሼ።

ለ፦ ገና አልጨረስኩም። ታዲያ ከዚያ በኋላ ምን ይሆናል? ዜማውን ዋሽንቱ ይቀበላል፤ ከዚያ ኦቦዎቹ፣ ከዚያ ክላሪኔቶቹና ባሱኑ፣ ከዚያ ባለ አውታሮቹ፣ በመጨረሻ ኦርኬስትራው በሙሉ። አንድ ሰው ይናገር የነበረውን ሁሉም ይናገረዋል። የሚያማምሩ ቫሪዬሽኖች ይመጣሉ፣ ኃይለኛው፣ ለስላሳው አዳጆ፣ ሰልፉ። በመጨረሻ ሁለት ሶፕራኖና አልቶ፣ ቀጥሎ ወንዶቹ፣ ቀጥሎ መዘምራኑ በሙሉ። ያን ጊዜ ፒያኒስቱ ምን ሆነ? አጃቢ። ጣቱ ይሮጣል፣ ግን ሰዎቹ ናቸው የሚዘፍኑት። ሥራው ራሱ እኮ ፒያኒስቱን ከወንበሩ ያወርደዋል። አንቺ ደግሞ በወረደው ሰው ላይ ውድድር ታቋቁሚያለሽ። ሥራው የሚለውን ተቃራኒ እያደረግሽበት ነው።

ሀ፦ ይህ የዛሬው ትልቁ ንግግርዎ ነው። እኔም ይህን ነው የምሰማው፤ ግን ከእርስዎ የተለየ ነገር አገኝበታለሁ። ፒያኒስቶቹን የሚለየው መውረዳቸው ነው። ብዙ ሰው መግቢያውን እያወዳደረ ያቆማል፤ እኔም መጀመሪያ እንዲያ አደርግ ነበር። አሁን ግን ድምፃውያኑ ከገቡ በኋላ ያለውን ነው ደጋግሜ የማደምጠው። ኤሌን ግሪሞ ከኤሳ ፔካ ሳሎነን ጋር የቀዳችውን ይስሙ፤ በዚያው ሲዲ ላይ የአርቮ ፔርት ክሬዶም አለ፣ እሱም ለፒያኖ፣ ለመዘምራንና ለኦርኬስትራ ነው። ግሪሞ መግቢያው ላይ ብዙ ነጻነት ትወስዳለች፣ ትዘገያለች፣ ትገነፍላለች። እኔን ግን የሚይዘኝ ያ አይደለም። ዘፈኑ ሲገባ በጣቷ የምታፈሰው ነገር ከድምፃውያኑ በታች ሆኖ ይሰማኛል፣ ግን አይጠፋም። ሰርኪን ደግሞ አይወርድም። እስከ መጨረሻው ፕሬስቶ ድረስ ከመዘምራኑ ጋር ይፎካከራል። እኔ በዚህ ከሰርኪን ጋር እጣላለሁ፣ መግቢያውን ግን እንደሱ የሚጫወት አልሰማሁም።

ለ፦ እንዲህ ከሆነ ሰርኪን ሥራውን አልገባውም ማለትሽ ነው።

ሀ፦ ወይም እርስዎና እኔ አልገባንም። ፒያኖው መውረድ አለበት ብሎ የጻፈ የለም። ሰርኪን ከሕዝቡ ጋር እየጮኸ የሚዘፍን ሰው ቢሆንስ?

ለ፦ ቃሉን ሰምተሻል? የሚዘፈነው ግጥም ሙዚቃ ሕይወትን እንዴት እንደሚያስማማ ነው የሚናገረው። ቤትሆቨን ራሱ ለግጥሙ ብዙ አልተጨነቀለትም። ለአሳታሚው ሲጽፍ ሌላ ግጥም ቢተካም ግድ የለኝም፣ ‹ኃይል› የምትለዋ ቃል ብቻ ወይም መሰሏ ትቆይ አለ። በ1951 ደግሞ ምሥራቅ ጀርመን ውስጥ ዮሐነስ ቤኸር በአዲስ ግጥም ተክቶታል። ሙዚቃው ለሁሉም እሺ ይላል። እንዲህ ለመጣው ሁሉ የሚመች ሥራ ነው፤ ለዚህ ነው ተጫዋቾቹ እንዳሻቸው የሚያደርጉት፣ አንቺም ልዩነት የምታገኚው። የሥራው ድክመት ነው አንቺ ብልጽግና ብለሽ የሰየምሽው።

ሀ፦ ቤትሆቨን ያቺን አንዲት ቃል ለምን ያዛት? እዚያ ቦታ ላይ መዘምራኑ ከሲ ሜጀር ባልተጠበቀ መንገድ ወደ ኢ ፍላት ኮርድ ይዘላሉ፣ ያንን ዝላይ የሚሸከም ቃል ስለፈለገ ነው። ለመጣው ሁሉ እሺ የሚል ሰው እንዲህ አያደርግም። ደግሞም በ1824 ስለ ዘጠነኛው ሲምፎኒ ለአሳታሚ ሲጽፍ፣ የመጨረሻው ክፍል እንደ ፒያኖ ፋንታዚያዬ ነው፣ ግን እጅግ የሰፋ ነው ብሏል። ከአስራ አምስት ዓመት በላይ በልቡ ይዞት ኖሯል ማለት ነው።

ለ፦ ረቂቅ ነው ማለቱ ነው እንግዲህ። ዘጠነኛው እያለ ረቂቁን ታወዳድሪያለሽ።

ሀ፦ በዘጠነኛው ግን ፒያኖ የለም ጋሼ። እዚያ ከመሣሪያ ወደ ሰው ድምፅ የሚያሻግሩት ቼሎና ባሶቹ ናቸው፣ ከዚያ ባሱ ድምፃዊ። እዚህ ግን አንድ ሰው ብቻውን ጀምሮ እዚያ ያደርሰናል። በሌላ የቤትሆቨን ሥራ ይህን አላገኘሁትም። ያ ሰው ማን እንደሆነ ለውጥ አያመጣም ብለው ሊያሳምኑኝ አይችሉም።

ለ፦ ያ ሰው ቤትሆቨን ነበር። በዚያ ብርድ ውስጥ። ለዚያች አንዲት ሌሊት። ሥራው የተሠራው ለአንድ ጊዜ ነው፤ አብረው ለተሰበሰቡ ሰዎች። ይህን ከማንም በላይ የተረዳው እኮ አንቺ የምትጣይው ሰርኪን ነው። ቨርሞንት ውስጥ በማርልቦሮ የበጋው ፌስቲቫል ሲያልቅ በዚህ ሥራ ነበር የሚዘጉት። በመዘምራኑ ውስጥ በዚያ ሥራ መሣሪያ ያልደረሳቸው ሙዚቀኞች፣ የፌስቲቫሉ ሠራተኞች፣ ቤተሰቦች ይቆሙ ነበር። እዚያ ቆሞ የሚዘፍን ሰው ‹የፖሊኒ አዳጆ ይሻላል› ይላል?

ሀ፦ አይልም። ግን እኔ እዚያ አልነበርኩም። እርስዎም አልነበሩም። በ1981 እዚያው ማርልቦሮ የተቀዳ አለ፤ ሽማግሌው ሰርኪን ይጫወታል፣ ልጁ ፒተር ይመራል። ቅጂ ባይኖር ይህን ሁሉ ከየት ባወቅኩት? እርስዎስ?

ለ፦ ከቅጂው የሰማሽው ኖታውን ነው። መሰብሰቡን አልሰማሽም።

ሀ፦ በ1808 የተሰበሰቡት ደግሞ የሰሙት የተበላሸ ነገር ነው። ክላሪኔቱ ተሳሳተ የሚል አለ፣ ቤትሆቨን ራሱ አይደገም ብሎ ያዘዘውን ረስቶ ደገመ የሚልም አለ። ‹እንደገና!› ተባለ። የዚያ ስብሰባ ባለቤት ቤቱ ገብቶ ምን አደረገ? መግቢያውን ቁጭ ብሎ ጻፈው። ሌሊቱ ይበቃል አላለም። ሌላ ሰው እንዲጫወተው ለአሳታሚ ላከው። ተጫዋች ከተጫዋች ይለያያል የሚለውን ነገር የጀመረው እሱ ነው፣ እኔ አይደለሁም።

ለ፦ ለሚጫወት ሰው ነው የላከው፤ ቁጭ ብሎ ለሚዳኝ አይደለም።

ሀ፦ እንግዲያው ይጫወቱት። ፒያኖው እዚያ ነው።

ለ፦ በዚህ ጣት? ተይኝ እባክሽ። ይልቅ አንድ ነገር ላድርግልሽ። ከጠቀስሻቸው ቅጂዎች ሁለቱን ምረጪ፤ የሌቪንን ተዪው፣ ፒያኖው ያጋልጠዋል። መግቢያውን ዝለይው። ድምፃውያኑ ከገቡበት አጫውቺልኝ፣ ስም አትንገሪኝ። ማን እንደሆነ ለማወቅ እሞክራለሁ።

ሀ፦ ካወቁ የኔ ሐሳብ ረታ። ካላወቁ የእርስዎ።

ለ፦ እንደዚያ ነው።

ሀ፦ ታዲያ ቢያውቁም አላወቅኩም ማለት ይጠቅምዎታል እኮ ጋሼ።

ለ፦ እሱን አስቤበታለሁ። አጫውቺው።